ቡድኑ ወደ ሰፈሬ ይመጣል ሲሉ

ኦላናን መጀመሪያ ያየሁት ካፖርቴ ላይ ተቀምጦ ነው።

ዲሴምበር 2023 ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነን። የአክስቴ ልጅ ማቲያስ «ስሂንዬ፣ በቃ ከቤት ውጪ፣ ሰው እዪ!» ብሎ በግድ ነው ያመጣኝ።

አባቴ አቶ ነጋ ከሞተ ገና ሁለት ወር ገደማ ነበር። ስትሮክ አልጋ ላይ ከጣለው ጀምሮ፣ ለስድስት ዓመት ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ሲሞት አላለቀስኩም። በቀብሩም ቀን አላለቀስኩም። የቸርች ሰዎች «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ ናት!» አሉኝ። ጠንካራ አልነበርኩም... ዝም ብሎ ምንም አልተሰማኝም። ክሪስታል ሲቲ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ማደንዘዣ የተወጉ ሰዎች ከንፈራቸውን በጣታቸው እየነኩ «የኔ አይመስልም» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ እንደዚያ ሆኜ ነበር።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች ግን ይጮሃሉ። የሆኪ ደጋፊዎች ናቸው። ሀበሻ የበረዶ ላይ ሆኪ ይወዳል እንዴ እንዳትሉኝ... ይወዳል! ቀይ ማልያ ለብሰው፣ ክትፎ እየበሉ፣ ካፒታልስ የሚባለው ቡድናቸው ከዋሽንግተን ወጥቶ ወደ ቨርጂኒያ ሊሄድ ነው የሚለውን ዜና ይከራከራሉ።

«አይሄድም! ወሬ ነው!» ይላል ማቲያስ። «ፖለቲከኞቹ ሲነታረኩ ነገሩ ይቀራል።»

«አይሄድም አትበለኝ!» አሉ ጋሽ ገላው። በአብዮቱ ጊዜ አገር ጥለው የወጡ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ላንዶቨር በነበረው የቡድኑ የድሮ ስታዲየም በር ላይ ቆመው ትኬት ይቆርጡ ነበር። «በናይንቲ ሰቨንም የትም አይሄድም ተብለን ነበር። ሄደ! ቡድን እንደ ሰው ነው፣ የተሻለ ቤት ካገኘ ይሄዳል።»

«ታዲያ ከዚህ በሬድ ላይን ባቡር ደርሰን ስንመለስ የነበርነው፣ አሁን ወንዝ ልንሻገር ነው?» አለ ሌላው ደጋፊ።

«አዲሱን ስታዲየም የት ነው የሚሠሩት?» አልኩ እኔ። ከገባሁ ጀምሮ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

«አሌክሳንድሪያ። ፖቶማክ ያርድ።»

«ቤቴ እዚያ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጠው ረጅም ሰውዬ ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ጎረቤት ልንሆን ነው!» አለኝ። «ኦላና እባላለሁ። ስታዲየሙ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና እነዳለሁ። ቡድኑ ከሄደ እኔም አብሬ መሄዴ ነው።»

«አንተ ስትመጣ እኔ እለቃለሁ። ስታዲየም አጠገብ ሪንቱን ማን ይችለዋል?» አልኩት። «ደግሞ ካፖርቴ ላይ ነው የተቀመጥከው።»

ዘሎ ሲነሳ የጋሽ ገላውን ቢራ ካፖርቴ ላይ ደፋው። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅኩም። እሱም ሊያስቀኝ አልሞከረም።

«ይቅርታ። አሳጥቤ ቤትሽ ድረስ አመጣዋለሁ» ብቻ አለኝ።

ማክሰኞ ሥራ ስለማይገባ፣ ማክሰኞ አመጣው። የላውንደሪውን የፕላስቲክ መሸፈኛ እንኳ ከካፖርቱ ላይ አላነሳም። በሩ ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማቲያስ ነገረኝ» አለ። ከዚያ የአባቴን ባዶ ክፍል በተከፈተው በር በኩል አየና፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን «እንዴት ነሽ?» ትቶ ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

«ምን ነበር የሚወደው?»

«የአየር ጠባይ ዜና። ቀኑን ሙሉ። ከቤት አይወጣ፣ ግን ነገ ይዘንብ እንደሆነ ማወቅ አለበት።»

«ትክክል ነው። ሰው ማወቅ አለበት» አለ፤ ምንም ሳይስቅ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ መምጣት ጀመረ። የሚኖረው ዊተን ነው። ሜትሮ ቀይሮ፣ ወንዙን ተሻግሮ ይመጣል። ፓስታ እሠራለሁ፣ ይበላል። ልጅ ሆኖ ቤተሰቦቹ ሜሪላንድ፣ ጀርመንታውን ሲገቡ ቋንቋ የማይጠይቀው ቦታ የበረዶ ሜዳው ብቻ እንደነበር ይነግረኛል። ከዚያ ስታዲየም ይሠራበታል ወደተባለው ቦታ በእግር እንሄዳለን። ያኔ የሱቆች መኪና ማቆሚያና ባዶ መሬት ነበር።

«በረዶው የቱ ጋር የሚሆን ይመስልሻል?» ይለኛል። «ደጋፊዎቹ ወደ ባቡሩ በኩል ነው ይላሉ። ጋሽ ገላው ደግሞ ወደ ወንዙ ነው ብለው ተወራርደዋል።»

«አላውቅም።»

«ቡድኑ ከመጣ... ከሥራ ስወጣ ወደ አንቺ በእግሬ ነው የምመጣው።»

እኔ የሰማሁት «ቡድኑ ከመጣ» የሚለውን ነው። የቀረውን አልሰማሁም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ትኬት ሰጥቶኝ ጨዋታ ገባሁ። ማን ማንን እንደሚያሳድድ አልገባኝም። በእረፍት ሰዓት ግን እሱ ያን ትልቅ መኪና እየነዳ ወጣ። ወደ እኔ አላየም፣ እጁንም አላወዛወዘም። ተጫዋቾቹ የቧጠጡትን በረዶ ቀስ እያለ፣ ዳር ዳሩን ይዞ፣ እንደ መስታወት አደረገው። ልቤ ዘለለ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልዘለለም። ግን እስኪወጣ ድረስ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም።

በፌብሩዋሪ እኛ ሰፈር ተናወጠ። ስታዲየሙ ሲመጣ ሕንፃው ሊሸጥ ነው፣ ሪንት ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ብቻ ነው የሚሰማው። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ከበቡሽ በየበሩ እያንኳኩ ጽሑፍ ያድላሉ።

«ልጄ፣ አባትሽ የኖረበትን ቤት ዝም ብለሽ ልትሰጪ ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ አልሰጥም።»

«እንግዲያው ይሄን ለጥፊ!»

መስኮቴ ላይ ለጠፍኩት። ስታዲየሙን አንፈልግም ይላል፣ በትልልቁ።

በነጋታው ማክሰኞ ነበር። ኦላና በሩን ስከፍትለት ፊቱ ላይ የሆነ ደስታ ነበር፤ ሊነግረኝ የሚፈልገው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። መስኮቱን ሲያይ ግን ቆመ።

«አንቺ ነሽ የለጠፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዳይመጣ ነው የምትፈልጊው?»

«እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነው።»

«እኔ ለምን እንዲመጣ እንደምፈልግ... ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን እጠይቃለሁ? ቡድንህ ነው። የኔ ቤት ቢፈርስም ጨዋታህ ይበልጥብሃል።»

«ጨዋታዬ?» አለ። «ስሂን... እኔ አጠገብሽ እንድሆን የምትፈልጊ መስሎኝ ነበር። ይቅርታ። ገባኝ አሁን።»

«ምኑ ነው የገባህ?»

«እንዳልመጣ።»

ሄደ። መጥራት ነበረብኝ። ስሙ እኮ ሦስት ፊደል ነው! ግን በሩን ዘግቼ ሳህን አጠብኩ። ያኔም ምንም አልተሰማኝም።

በማርች መጨረሻ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። ድርድሩ ተቋርጧል፣ ቡድኑ ከዋሽንግተን አይወጣም ተባለ። ወይዘሮ ከበቡሽ ኮሪደሩ ላይ እልልታቸውን አቀለጡት። አቀፉኝ፣ ሳሙኝ። ማቲያስም ከሥራው ሳይወጣ ኮል አደረገኝ።

«ስሂንዬ! ቤትሽ ተረፈልሽ፣ ቡድናችንም ቀረልን! ሁላችንም አሸነፍን እኮ!»

«እሺ» አልኩት።

ወደ ውስጥ ገብቼ የአባቴ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ደስታውን ጠበቅኩት። አልመጣም። ክፍሉ ክፍል ነው፤ አራት ግድግዳና አንድ መስኮት። አባቴ እዚያ አልነበረም። ይህን ሁሉ ወር የታገልኩት ማንም ለሌለበት ቤት ነበር።

ማክሰኞ ደረሰ። ሳላስበው ለሁለት ሰው ፓስታ ቀቀልኩ። በሩን የሚያንኳኳ ግን አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ገላው ደወሉ።

«ስሂን ልጄ፣ አያገባዎትም ካልሽኝ ስልኩን ዝጊብኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይንገሩኝ።»

«ይሄን ልጅ ምን አደረግሽው? ደጋፊው ሁሉ ቡድኑ ቀረ ብሎ ሲጨፍር እሱ ብቻ ሐዘን ላይ ነው!»

«እንዲሄድ ፈልጎ ነበራ። ቡድኑን ይወዳል።»

«ቡድኑ የት ቢጫወት ምን ገዶት! ካንቺ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ አፓርትመንት ሲያይ ነበር እኮ። 'ጋሼ፣ ቡድኑ ከመጣ ሰበብ አገኘሁ፣ አጠገቧ እሆናለሁ' ሲለኝ ነበር። ያን ቀን ሊነግርሽ ሄዶ ነው አንገቱን ደፍቶ የተመለሰው።»

«ሰበብ ለምን ያስፈልገዋል? በቀጥታ አይነግረኝም?»

«አይ አንቺ ልጅ! ሐዘን ላይ ላለች ሴት 'እወድሻለሁ' ብሎ መናገር ነውር መስሎት ነዋ!»

ስልኩን እንደዘጋሁ ክሊኒኩን ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። የሎው ላይን ባቡር ይዤ ስታዲየሙ ያለበት ቻይናታውን ወረድኩ። ሠራተኞች በሚወጡበት በር በኩል፣ ፀሐይ ላይ፣ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲያየኝ ቦርሳውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ደስ አለሽ?» አለኝ። «ቤትሽ ተረፈ።»

«ምንም አልተሰማኝም።»

«እንዴት?»

«እንጃ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ምንም አይሰማኝም ኦላና። ደስታም፣ ሐዘንም። ሰው እንዳይጠላኝ ደብቄው ነው።»

ሰዎች በመሃላችን አለፉ።

«ስለዚህ እወድሃለሁ ልልህ አልችልም» አልኩት። «ውሸት እንዳይሆን እፈራለሁ። ግን ማክሰኞ ስትቀር ቀኑ አልመሽ አለኝ። ይሄን ብቻ ነው የማውቀው።»

«አልመሽ አለሽ?»

«በጣም።»

«ለእኔ ይበቃኛል» አለ። «እኔ ቡድኑን ሰበብ ያደረግኩት ፈርቼ ነው። ባዶ እጄን መጥቼ 'አጠገብሽ ልኑር' ማለት አፈርኩ። ቤትሽን የሚያሳጣሽ ነገር መሆኑን አላሰብኩም። እውነቴን ነው... አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሰበብ የለኝም። አጠገብሽ ልኑር?»

«ምንም ባይሰማኝስ? ለዘላለም እንዲህ ብቀርስ?»

«የሚሰማሽን አይደለም የጠየቅኩሽ፣ ስሂን። አንቺን ነው።»

እጁን ዘረጋልኝ። ከበረዶው ጋር ሲውል የሻከረ፣ ቀዝቃዛ እጅ ነው። ያዝኩት። ልቤ አልመታም፣ ጉልበቴም አልከዳኝም። ግን ሜትሮ ጣቢያው ድረስ አለቀቅኩትም።

በሰመር ሽማግሌ ተላከ። ጋሽ ገላው ለክብሩ ሲሉ ማልያቸውን አውልቀው ከረቫት አስረው፣ ጀርመንታውን ማቲያስ ቤት ቀረቡ። ማቲያስም በአባቴ ቦታ የተጣለበትን አደራ ሊወጣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ አሥር ዓመት አብረው ጨዋታ ያዩ ሰዎች!

በኦክቶበር ቸርቻችን ውስጥ ተጋባን። የኪራዩ ሊዝ ሲያልቅ፣ ያን ሁሉ የተሟገትኩለትን የአሌክሳንድሪያ ቤት ማንም ሳያስወጣኝ በራሴ ፈቃድ ለቀቅኩ። ወይዘሮ ከበቡሽ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ዊተን፣ ኦላና ቤት ገባሁ።

ኑሯችን ሰላም ነበር። እሱ ይሠራል፣ እኔ እሠራለሁ፣ ማታ አብረን እንበላለን። ምን እንደሚሰማኝ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። እኔም አልዋሸሁትም።

አንድ ቅዳሜ ቀን፣ በራሴ እጅ መርጬ የገዛሁትን ነጭ ምንጣፍ ሳሎኑ ላይ አነጠፍኩ። ኦላና ከሥራ ገባ። በስልክ ከማቲያስ ጋር እየሳቀ ነው። ውሃ የጠጣውን፣ ጭቃ የያዘውን የሥራ ጫማውን እንዳደረገ ምንጣፉ መሃል ላይ ቆመ።

«ኦላና!» ብዬ ጮህኩ። «ዓይን የለህም እንዴ?! ይሄን ስመርጥ ቀኑን ሙሉ ነው የዞርኩት! ትንሽ እንኳ አታስብም? ጫማ ማውለቅ ምን ይከብዳል?!»

ስልኩን ከጆሮው ላይ አነሳ። አየኝ። ዓይኖቹ ቀስ በቀስ ሰፉ።

«ስሂን» አለ፣ በሹክሹክታ። «ተቆጣሽ እኮ!»

«አዎ ተቆጣሁ! ለምን አልቆጣም?!»

«ተቆጣሽ!» አለ እንደገና፤ እንደ ሕፃን እየሳቀ።

ያኔ ገባኝ። ደረቴ ይነድዳል፣ ጆሮዬ ግሏል። ከአንድ ዓመት በላይ የት እንደገባ የማላውቀው ሰውነቴ መጣ። አብሮት ደግሞ ሌላው ሁሉ መጣ... እንባዬ እንዴት እንደጀመረ አላውቅም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ «አባዬ» አልኩ። «አባዬ... አባዬን እኮ ቀበርኩት!»

ኦላና አልሳቀም። ዝም በይም አላለኝም። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እዚያው ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠና፣ አልቅሼ እስክጨርስ ድረስ ያዘኝ።