ሳልቀይረው ያለበስኩት መቀመጫ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሙት መንፈስ ምናምን ሲሉኝ ይሰለቸኛል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ገርጂ ቁጭ ብዬ የመኪናና የሞተር ሳይክል መቀመጫ ሳለብስ የኖርኩ ነኝ፣ የማምነው መርፌና ክር ነው። ይህንን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም፣ እስካሁን ስለሚያቅለሸልሸኝ ነው።

ጓደኛዬ ታምራት አንድ የድሮ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ዓመት ሙሉ ሲያድሰው ከረመ። የቀድሞ ባለቤቱ እላዩ ላይ እንዳለ ነው ሕይወቱ ያለፈው ይባላል፣ ታምራትም ያውቃል፣ ሚስቱ መሠረት ጸበል ረጨችበትና ነገሩ አለቀ። መቀመጫውን ለእኔ ያመጣው ሞተሩን ሊያሳይበት ላሰበው የሞተር ሳይክል ትርዒት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የድሮውን ልባስ ስገፈው ስፖንጁ መሃሉ ላይ ጠቁሮ ደርቋል፣ ሽታው የከረመ ሥጋ ነው። ደንቡ እሱን ጥሎ አዲስ መቁረጥ ነው፣ እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሰነፍኩ፣ በላዩ ስስ ስፖንጅ ደርቤ ቡናማ ቆዳ አለበስኩትና ለታምራት ሁሉም አዲስ ነው አልኩት።

ትርዒቱ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር፣ እሁድ ቀን፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎረምሳው ሁሉ የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ ያስጮሃል፣ የተቃጠለ ዘይት ከጥብስ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫ ውስጥ ይለጠፋል፣ ፎቶ ለመነሳት የሚገፈታተረው ሰው ላቡ ይነካሃል፣ ገና ከጠዋቱ አስጠልቶኛል። ታምራት ግን ደስታውን አልቻለውም፣ ለመጣው ሁሉ መቀመጫውን የሠራው እሱ ነው እያለ በጣቱ ወደ እኔ ይጠቁማል።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ሞተሩ እንደቆመ፣ ማንም ሳይነካው፣ የመቀመጫው ስፕሪንግ ሲጢጥ አለ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው፣ እመነኝ፣ ያንን ድምፅ ተኝቼም አውቀዋለሁ። ዞር ስል ቆዳው መሃሉ ላይ ጎድጉዷል። ዳበስኩት፣ በዚያ ፀሐይ ቀዝቃዛ ነው፣ ረጥቧልም፣ እጄን ሳሸተው ያው የትናንቱ ሽታ። በመሐረቤ ጠረግሁት፣ መልሶ አላበው፣ ደግሜ ጠረግሁትና መሐረቡን ጣልኩት።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ሞተረኞቹ ሚስቶቻቸውንና እጮኞቻቸውን ከኋላ ጭነው እስከ መድኃኔዓለም ደርሰው ሊመለሱ ተሰለፉ። መሠረት ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጣች። መቀመጫው የድሮው ነው፣ አትውጪበት ብላት ይበቃ ነበር፣ ግን ያ ሁሉ ሰው ሲያመሰግነኝ ውሎ እንዴት ብዬ ልናገር፣ ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፣ ዝም አልኩ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ታምራት ከመውረዱ ፊቱን አጨፈገገባት።

«እቀፊኝ እያልኩሽ ለምንድነው እምቢ ያልሽው? ብትወድቂስ?»

«አቅፌህ ነበር እኮ፣ መንገዱን ሙሉ። ምነው እንዲህ ቀዘቀዝክ ስልህ አልመለስክልኝም።»

የታምራት ጃኬት ከጀርባው ርሷል። የመሠረት ቀሚስ በተቀመጠችበት በኩል ንጹሕ ነው፣ ከፊቷ ግን ከደረቷ እስከ ሆዷ፣ ሁለቱም ክንዶቿ ጭምር፣ ቡናማ ነገር ተለቅልቆባቸዋል። እጇን አሸተተችና አጥሩ ሥር ሄዳ አስመለሳት።

እዚያው ሁሉንም ለታምራት ነገርኩት። አለመቆጣቱ ባሰብኝ። መቀመጫውን በቢላ ቀደድነው፣ ስፖንጁ እንደ ኩበት ደረቅ ነበር፣ ጠብታ እርጥበት የለውም፣ ቢሆንም በማግስቱ አቃጠልነው።

ይኸው ሰባት ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት ታምራት ሱቄ መጥቶ፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ መሠረት ከዚያ ቀን ወዲህ አቅፋው እንደማታውቅ ነገረኝ። ትጠጋውና ክንዷን ዘርግታ፣ ሳትነካው መልሳ ትሰበስበዋለች።

«ምን ሆነሻል ስላት» አለኝ፣ «ሰውዬው ገና አልወረደም ትለኛለች።»