አኮ ያልጨረሱት ፊልም

ሳቢራ ከሱቅ ሳሙና ገዝታ ስትመለስ አያቷ ሲዘፍኑ ሰማች። ዘፈኑ አማርኛ አልነበረም፤ ኦሮምኛም አይደለም። በሩ ላይ ቆመች። አያቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በህንድኛ ያንጎራጉራሉ። ዘይና ምንጣፉ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ትሰማለች።

ሳቢራ ሴት አያቷን «አኮ» እያለች እዚሁ ከሚሴ፣ እዚሁ ቤት ነው አብራቸው ያደገችው። ሲዘፍኑ ግን ሰምታ አታውቅም።

«ሳቢዬ፣ ነይ ስሚ» አለች ዘይና። «በልጅነታቸው ደሴ ሲኒማ ይገቡ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሳቢራ። አታውቅም ነበር።

ዘይና የክፍል ጓደኛዋ ናት። የትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ ክበብ በስድሳዎቹ ስለታዩ ፊልሞች ዝግጅት ሊያቀርብ አስቦ፣ አባላቱ በዚያ ዘመን ሲኒማ የገባ ሰው ፈልገው እንዲያናግሩ ተነግሯቸዋል። የዘይና አያቶች በሕይወት የሉም። እናም የሳቢራን አያት ጠየቀች። ለአንድ ቀን ብላ የመጣችው ልጅ ደጋግማ መምጣት ጀመረች። አኮም ከዐሱር ሶላት በኋላ በር በሩን ማየት ለመዱ። ዘይና የቀረች እንደሆነ «ያቺ ልጅ ምን አገኛት?» ይላሉ። ሳቢራ ስትገባ ግን «መጣሽ?» ብቻ ነው።

ይባስ ብሎ የገዛ አያቷን ታሪክ የሰማችው ከዘይና አፍ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ። አኮ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ደሴ አክስታቸው ዘንድ ሳሉ አንድ የህንድ ፊልም ማየት ጀምረው ነበር። መሀል ላይ ለእረፍት መብራት ሲበራ አጎታቸው ገብቶ እጃቸውን ይዞ አወጣቸው። ለካስ ከሚሴ ሊድሯቸው ነበር። ፊልሙ ሳያልቅ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያም ሲኒማ አልገቡም። ዘይና ይህን ስትናገር ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳቢራ ግን ያናደዳት እንባው ነበር። አኮ የማን አያት ናቸው?

ዘይና በዚህ አላበቃችም። የዘፈኑን ዜማ ለክበቡ ኃላፊ ለመምህር ሰልማን አንጎራጎረችላቸው፤ እሳቸውም ከኢንተርኔት ፈልገው ፊልሙን አገኙት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሊታይ ተወሰነ። «እኔ መስኮት ስለምሸፍን ቀድሜ እገባለሁ» አለቻት ለሳቢራ። «አንቺ በባጃጅ ይዘሻቸው ነይ። ፏ ብለው ይምጡ በያቸው።»

ቅዳሜ አኮ የኢድ ቀሚሳቸውን ለበሱ። ሽቶ ተቀቡ። ሻሻቸውን አስረው ፈቱት፤ መልሰው አሰሩት። ሳቢራ እንደዚህ ሲሽቀረቀሩ አይታቸው አታውቅም፤ ደስ ሊላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ያኔ አኮ «ዘይና ከፊት ታስቀምጠኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

ሳቢራ ባጃጅ ልጥራ ብላ ወጣች። የመንገዱ ጥግ ላይ ቆመች። ባጃጆች ፍጥነት እየቀነሱ «ወዴት ነሽ?» ሲሏት አሳለፈቻቸው። ከዚያ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ትምህርት ቤቱ መብራት ጠፍቷል አሉ» አለች። «ቀርቷል።»

አኮ «አላህ ያላለው አይሆንም» አሉና ጫማቸውን አወለቁ። ሻሻቸውን ግን አልፈቱም። አጠገባቸው አልጋውን መታ መታ አድርገው «ኮቱ፣ ታኢ» አሏት። «ከለበስኩ አይቀር ላንቺ ልንገርሽ።»

ሳቢራ ተቀመጠች። አኮ ፊልሙን ነገሯት። አምባር የምትሸጥ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ዓይነ ስውር። ባቡር የሚነዳ ልጅ ወደዳት፤ ለሥራ ርቆ ሲሄድ፣ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ አላት። አኮ የአባትየውን አካሄድ ተነስተው አሳዩዋት፤ ዘፈኑንም ዘፈኑላት፤ ለእሷ ብቻ። የፈለገችው ይኸው ነበር። ሙሉ በሙሉ የእሷ ሆኑ።

«ክረምቱ ወጣ» አሉ አኮ። «ልጅቱ ጣቢያው ድረስ ሄደች። ባቡሩ ቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ። እሱ አልወረደም።»

«ከዚያስ?» አለች ሳቢራ።

«ከዚያማ አላውቅም። መብራቱ የበራው እዚህ ላይ ነው።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ያዩ ጀመር። «ሞቶ ይሆን እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ በሚቀጥለው ባቡር መጥቶ ይሆናል እላለሁ።»

ሳቢራ ከአልጋው ተነሳች።

«አኮ፣ መብራት አልጠፋም።»

አኮ ዞረው አዩዋት። ቆጣ ሳይሉ፣ ለምን እንደዋሸቻቸው ጠየቋት።

«ለዘይና ነው ሁሉን የሚነግሯት» አለች ሳቢራ። «ለኔ ነግረውኝ አያውቁም።»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አኮ ጫማቸውን ለማግኘት ጎንበስ ሲሉ ሳቢራ ቀድማ አነሳችላቸው። አልቀበልም አላሉም፤ ግን ባጃጅ ውስጥ ትምህርት ቤት እስኪደርሱ አላነጋገሯትም።

አዳራሹ ጨልሟል። ከፊት አንድ ወንበር ባዶውን ተቀምጧል። ሸራው ላይ አምባር ሻጯ ልጅ በማያውቁት ቤት ውስጥ፣ በማያውቁት ልብስ ትታያለች። አኮ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ትንሽ አዩና ወደ ሳቢራ ጎንበስ አሉ።

«አባቷስ? ልጁስ? ባቡሩ ከቆመ በኋላ ምን ሆነ?»

ሳቢራ አታውቅም። ያመለጣቸው በእሷ ምክንያት ነው። ዞር ስትል ዘይናን አየቻት፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ምስማሩ የወለቀ ብርድ ልብስ በሁለት እጇ መስኮቱ ላይ ደግፋ ይዛለች። አኮን ስታይ ፊቷ በራ። ለምን እንደዘገዩ እንኳ አልጠየቀችም፤ በዓይኗ ብቻ ሰላም አለቻቸው።

ሳቢራን ቅናቱ አሁንም አቃጠላት። ያ ስሜት ባጃጅ ውስጥ የቀረ መስሏት ነበር። ሄዳ ዘይና አጠገብ ቆመች፤ እጇንም ብርድ ልብሱ ላይ አደረገች።

«እኔ ልያዘው» አለቻት በሹክሹክታ። «ያመለጣቸውን ንገሪያቸው።»

«አንቺስ? አታዪም?»

«ሂጂ በቃ።»

ዘይና ሄዳ ከአኮ ወንበር ሥር ተቀመጠች። አኮ ወደ እሷ አዘነበሉ፤ ሁለቱ ራሶች ሸራው ላይ ካለው ብርሃን ፊት ተጠጋጉ። ብርድ ልብሱ ከባድ ነበር፤ በጎኑም ፀሐይ ትሾልካለች። ሳቢራ ጠርዙን ወደ ጎን ስባ መስኮቱ ላይ አጥብቃ ያዘችው።