ጠዋት በደንብ በልቼ ነው

እኔ ሰውን ከስሙ በፊት በበሽታው ነው የማውቀው። አትሳቁ፤ ሥራዬ ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ ሐኪም የጻፈውን የበሽታ ስም አነባለሁ፣ ኮዱን ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። የምግብ ቧንቧ በሽታ ብቻ ስንት ዓይነት ኮድ እንዳለው ብነግራችሁ ምሳችሁን ትተዋላችሁ። ሰው ግን ካርድ ክፍል ማለት ካርድ ከመደርደሪያ ማውረድ ይመስለዋል። ያነባሉ ብሎ የሚያስብ የለም።

ዝማሬ እባላለሁ። ቢሊሱማን የተዋወቅኩት ተቆጥቼው ነው።

የካርድ ክፍላችን የአሉሚኒየም መስኮት አልንሸራተት ካለ ሳምንት ሆኖት ነበር። አንድ ጠዋት ስገባ ቀጭን፣ ረጅም ሰውዬ መስኮቱን ነቅሎ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ያውም ካርዶቼ ላይ አጋድሞታል።

«ወንድም፣ መስኮትህን የጫንክበት እኮ የሰው ሕይወት ነው» አልኩት።

«ይቅርታ እህት፣ ወረቀት መስሎኝ ነው» አለና መስኮቱን አውርዶ ካርዶቹን በእጅጌው ጠረገልኝ።

ሳልወድ ሳቅኩ። ሲጨርስ ሥራውን መረከቤን የሚያሳይ ወረቀት አስፈረመኝ። ከታች ስሙን ጽፎበታል። ቢሊሱማ ዱጉማ።

ስሙን አውቀዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የሐኪሙ ጽሑፍ አልነበብ ብሎኝ ፎቅ ድረስ ወጥቼ የጠየቅኩበት ካርድ ነው። «የምግብ ቧንቧው የታችኛው በር አይከፈትም፤ የዋጠው እዚያው ይቆማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነው ሲሉት ኖሯል። አሁን የኦፕራሲዮን ወረፋ ይጠብቃል» ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። ኮዱ ኬ ሃያ ሁለት ነጥብ ዜሮ። በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት።

ፈርሜ ወረቀቱን መለስኩለት። ካርድ ላይ ያየሽው ካርድ ላይ ይቀራል፤ ስንቀጠር የፈረምነው ይህንን ነው።

መስኮቱ ደህና ሆነ። ሰውየው ግን በየሁለት ቀኑ «እስቲ ልየው» እያለ ብቅ ይል ጀመር።

«መስኮቱ እኮ ተሠርቷል» አልኩት በሦስተኛው ሳምንት።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የሠራሁት» አለኝ።

በቃ፣ እንዲህ ተጀመረ። መገናኛችን ጁስ ቤት ሆነ። ምሳ እንብላ ከተባለ መልሱ ሁሌ አንድ ነው። «ጠዋት በደንብ በልቼ ነው።» እኔ፣ ክትፎ ከሸተተኝ ከታክሲ የምወርደው ሴትዮ፣ «እኔም ጁስ ነው የምወደው» አልኩት። ሰባት ወር ሙሉ አቮካዶ ጠጣሁ። ቀሚሶቼ ጠበቡኝ። እሱ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል፤ እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ።

ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንድ እሁድ የአባቱ ማሳ የነበረውን ቦታ ሊያሳየኝ ላፍቶ ወሰደኝ። አሁን ሁሉም ፎቅ ነው።

«እዚያ፣ ልብስ የተሰጣበት ጋ፣ በቆሎ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ዝሙ፣ እናቴ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምታየው ጉንጬን ነው። ሥራ ቦታም ከሳህ ከሳህ ነው ወሬው። አንቺ ጋ ስሆን ግን ምንም አይጎድለኝም።»

አሁን ሊነግረኝ ነው ብዬ ጠጋ አልኩት። አልነገረኝም። እንዲህ ያለኝን ሰው ታዲያ በምን አፌ «አውቃለሁ» ልበለው?

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤት መጥቶ እንዲታይ ተባለ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ እሺና እምቢ የእናቴ ወንድም የጋሼ ወጋየሁ ነው። እሱ ካልወደደው አለቀ።

«እማዬ፣ ሾርባ ነገር ሥሪ» አልኳት።

«ለአማች ሾርባ? ሆስፒታል መሰለሽ?» አለችኝ። እናቴ ገበያነሽ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ እንግዳ ያለ ክትፎ አይሸኝም።

ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤታችን መጣ። ጋሼ ወጋየሁ ጸለየ፣ ማዕዱ ቀረበ። እማዬ ክትፎውን በቆጮ ጠቅልላ ዘረጋች።

«እንካ ልጄ፣ በሞቴ።»

ጎረሰ። አላመጠ። ውሃ ጠጣ። ደግሞ አላመጠ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ጓሮ ሲያስመልሰው ሁላችንም ሰማን።

ሲመለስ እማዬ ሁለተኛውን ጠቅልላ ትጠብቀዋለች። «አንድ ያጣላል» አለችው፣ ግራ ገብቷት።

«ይቅርታ እትዬ... ጠዋት በደንብ በልቼ ነው።»

ጋሼ ወጋየሁ እጁን ከማዕዱ አነሳ። «የእናቷን እጅ የተጸየፈ ነገ እሷን አይጸየፍም? ቆጮ የሚበላ ቤት ንቀህ ከሆነ፣ ልጄ፣ በሩ ያው።»

ቢሊሱማ አቀርቅሮ ቆመ። ፊቱን አየሁት። ተዋርዶ ይወጣል እንጂ አይናገርም።

አላስቻለኝም።

«አልናቃችሁም! አይወርድለትም። የምግብ ቧንቧው በር አይከፈትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነው ሲሉት ነው የኖረው።»

እማዬ ጉርሻዋን እንደያዘች ታለቅስ ጀመር። ጋሼ ወጋየሁ ተነስቶ የቢሊሱማን ትከሻ ያዘ። «ይቅር በለኝ ልጄ። ተቀመጥ።» እሺ ማለቱ ነው። ሰባት ወር የለመንኩት ነገር እጄ ገባ።

ቢሊሱማ ግን የሚያየው እኔን ነው።

«ሁለት ዓመት መሆኑን ማን ነገረሽ?» አለኝ በቀስታ።

መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ፤ በር ላይ ተከትዬ ደረስኩበት።

«መቼ ነው ያነበብሽው?»

«ሳላውቅህ። ሥራዬ ነው ቢሊ። ኮዱን የማስገባው እኔ ነኝ።»

«መስኮቱን ስሠራ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ጁሱስ?»

«ክትፎ ነው የምወደው።»

«እኔ እኮ ጁስ የምትወድ ልጅ አገኘሁ ብዬ ለእናቴ ሁሉ አውርቻለሁ» አለ። «እንዳልታመመ ሰው የምሆነው አንቺ ጋ ብቻ ነበር። ለካ ስታስታምሚኝ ነበር።»

«ስወድህ ነበር።»

«ይሆናል። አሁን የትኛው እንደሆነ በምን እለየዋለሁ? ደግሞ... የምነግርሽ እኔ ነበርኩ። የኔ ነበር እኮ ነገሩ።»

ሄደ። ስልክ አያነሳም። የሚሠራበት አሉሚኒየም ቤት ስሄድ ባልደረባው ሁንዴሳ «የለም እህቴ» ይለኛል፣ ዓይኔን ሳያይ። ሊከሰኝ ይችል ነበር፤ አልከሰሰኝም። በሁለተኛው ወር ማመልከቻው ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ሕክምናዬን ወደ ሌላ ሆስፒታል ስለማዞር የካርዴ ግልባጭ ይሰጠኝ ይላል። ገጽ በገጽ ኮፒ አደረግኩለት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄበታለሁ። ከውርደት አወጣሁህ እንጂ ምን በደልኩህ እያልኩ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ተሟገትኩ። በራሴ የተናደድኩት ዘግይቼ ነው። የሰው ምስጢር አውጥቼ የአጎቴን እሺታ ገዛሁበት፤ ያደረግኩት ይኸው ነው።

ባለፈው ወር ምሳ ልበላ ሀይሌ ጋርመንት አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ ቢሊሱማ ከአንዲት ልጅ ጋር ጥብስ ቀርቦለት ተቀምጧል። ጉንጩ ሞልቷል። ልመለስ ስል አየኝ።

«ዝማሬ» አለ። ዝሙ አላለኝም።

ተጠጋሁ። «ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ስምንት ወር ሆነኝ» አለኝ። «ሁሉንም እበላለሁ አሁን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከልቤ ነው።

«ሚካል ትባላለች። ጥር ላይ ነው ሠርጋችን።»

ሚካል ደግ ልጅ ናት፤ ልጠላት ፈልጌ አቃተኝ። ወንበር ሳበችልኝ። እያወራችኝ ለእሱ አጎረሰችው፣ እሱም ሳያስብበት ዋጠው። ጉርሻው ቁልቁል ሲወርድ አንገቱ ላይ በዓይኔ ተከተልኩት። ከዚያ ሌላ ጠቅልላ ወደኔ ዘረጋች።

«አንቺም እንኪ፣ በሞቴ።»

ምራቄ እንኳ አልወርድ አለኝ።

«አመሰግናለሁ የኔ እህት» አልኩ። «ጠዋት በደንብ በልቼ ነው።»

የቢሊሱማ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ አየኝ። ገባው።

«እንዴ፣ አንድ ጉርሻ? ንቀሽኝ ነው?» አለች ሚካል እየሳቀች፣ እጇ እንደተዘረጋ።

«ተያት ሚካዬ» አላት በቀስታ። «ጠግባ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመረም። እናቴ ቤት እኔ ያቃተኝን እሱ አደረገልኝ።

ተሰናብቼ ወጣሁ። የለቡ ታክሲ ውስጥ እስክገባ ድረስ አላለቀስኩም።