ከኋላ ያልታየው ቤት

ኋላ ታላቁ ጦርነት የተባለው እሳት ከመጫሩ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በበጋው ማለቂያ ገደማ፣ የባቡሩ ሐዲድ ከወደቡ ተነሥቶ ሜዳውን እያቋረጠ ከከተማይቱ ደጃፍ ደረሰ፤ አገረ ገዢውም መኳንንቱንና የጦር አለቆቹን አስከትሎ፣ መለከት እያስነፋ የመጀመሪያውን ባቡር ተቀበለ። ሕዝቡ አጥር ላይ ወጥቶ፣ ጣራ ላይ ተንጠላጥሎ ሲያጨበጭብ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ፊቱን ቅጭም ያደረገ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም ኮርቻ ሰሪው ነው። ምን ያድርግ! ሌላው ሰው ባቡር ሲያይ፣ እርሱ የታየው ኮርቻ የማይጫንበት ፈረስ ነበር። ቤቱ ሲገባም ምሳውን ሳይነካው ዋለ።

ይህ ሰው ለሻለቆችና ለሹማምንት ኮርቻ ሲሰፋ ጠጉሩ የሸበተ፣ ሥራው ሁሉ ጥንቅቅ ያለ ሰው ነበር፤ ቆዳ ሊገዛ ሲሄድ ነጋዴዎቹ ከሩቅ አይተውት «መጣ ገልባጩ» ይባባሉ ነበር። የፊቱን ማማር ከቁም ነገር ሳይቆጥር፣ ቆዳውን ገልብጦ በሥጋው ወገን በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ መዥገር የበላውን፣ የገፋፊው ቢላ የነካውን ካልለየ በቀር ከኪሱ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም ነበር። እንግዲህ ቤት ሲገዛ ጉድ የሆነው ይኸው ሰው ነው።

ከሚስቱ ጋር የሚኖሩበት ቤት የእርሷ ነበር። አባቷ በከተማው የታወቀ ግንበኛ ነበርና፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ ድንጋዩን በገዛ እጁ ጠርቦ፣ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ለአንዲት ልጁ ትቶላት ሞቷል፤ ከዚያ ቤት በቀር ያወረሳት ነገር አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት በጋ ኮርቻ የሚያሰፋ ሰው እየሳሳ ሲመጣ፣ አገሩ ሁሉ «ቅቤው» እያለ የሚጠራው ደላላ ወደ ኮርቻ ሰሪው መሥሪያ ቤት መመላለስ ጀመረ፤ ከባቡር ጣቢያው ሥር በአንድ ረድፍ የተሠሩ አሥር ክፍሎች እንዳሉ፣ ባለቤታቸው የግምጃ ቤት ሹም ወደ ሌላ አውራጃ ተሹሞ ስለሚሄድ በርካሽ እንደሚሸጣቸው፣ ሐዲድ ቀጥቃጩም ዕቃ ተሸካሚውም ክፍል አጥቶ ሜዳ እንደሚያድር ነገረው። «ተኝተህ የምትበላው ነገር ነው» አለው ቅቤው፤ ኮርቻ ሰሪውም ወስፌ የበሳውን ጣቱን አይቶ ተኝቶ መብላት አማረው።

ሄዶ አየው። ግድግዳው ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ በአዲስ ኖራ ተቀብቶ ዓይን ይስባል፤ በሮቹ ቀይ ናቸው፤ ወለሉን በጫማው ቢመታው ደረቅ ነው። ከኋላ በኩል የባቡሩ ሰዎች የከመሩት ድንጋይ መንገዱን ስለ ዘጋው፣ ቅቤውም ወሬውን ስላላቋረጠ፣ ወዲያ ዞሮ ማየት አልታሰበውም። እየከነፈ ወደ ቤቱ ተመልሶ ለሚስቱ ሁሉን ነገራት፤ ቤቷን ሸጠው እንዲገዙትም ለመናት፤ እርሷ ከጉድጓዱ ውሃ እየቀዳች ነበር።

«ከኋላስ ዞረህ አየኸው?» አለችው።

«ቤት ምን ኋላ አለው? አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቤት አዋቂ የሆንሽው!»

የግንበኛ ልጅ መሆኗን ያን ሰዓት ረስቶት ነበር። እርሷም መቅጃዋን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አኖረች፤ በኋላ ግን ባሏን ታምን ነበርና፣ «አባቴ በእጁ የሠራው ነው፤ አደራህን» ብላ፣ በሳምንቱ በዳኛው ፊት ቤቷን ለአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሸጣ ፈረመች፤ በገንዘቡም አሥሩን ክፍሎች ገዙ። ባልና ሚስቱም ለጊዜው ብለው ከገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩ።

በበጋው የቀሩት ሳምንታት ነገሩ ሁሉ ማር ነበር፤ አሥሩም ክፍሎች ሞሉ፤ ኮርቻ ሰሪው አዲስ ኮት አሰፋ፤ ቅቤውንም በመንገድ ባየው ቁጥር ኮፍያውን ያነሣለት ነበር። ከዚያ ዝናቡ ገባ። ባቡሩ የሚያልፍበት የአፈር ድልድል በክፍሎቹና በወንዙ መካከል እንደ ግንብ ተጋድሞ ስለ ነበር፣ ዱሮ ወደ ወንዙ ይወርድ የነበረው ጎርፍ መውጫ አጥቶ ተመለሰ፤ በአንድ ሌሊትም የተከራዮቹን አልጋና ጓዝ አንሳፈፈው። ሲነጋ ኮርቻ ሰሪው ሱሪውን ሰብስቦ፣ በድንጋዩ ላይ ተንፏቅቆ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ። የኋላውን ግድግዳ ኖራ አልነካውም ነበር፤ ባቡሩ ከመድረሱ ዓመታት ቀድሞ ድልድሉ ከተሠራ ወዲህ በየክረምቱ የቆመው ጎርፍ፣ አንዱ ካንዱ በላይ፣ ቡናማ መስመሩን አትሞበታል። የላይኛው መስመር ልክ እንደ ፊቱ ኖራ ወገብ ድረስ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ለአገረ ገዢው ጽሕፈት ቤት አቤት አለ፤ ወደ ባቡሩ ሹም ሂድ አሉት፤ የባቡሩ ሹም ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ሐዲዱ ወደ ፊት ሲገፋ ደኅና ደሞዝ ያላቸው ሠራተኞች ተከትለውት ሄዱ፤ የቀሩት መሄጃ የሌላቸው ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በሩን ነቅሎ አንድዶ ሞቀው፤ ሌላዋ ልጇ በእርጥበቱ ታሞባት ስታለቅስ ኮርቻ ሰሪው ቢያገኛት፣ ኪራይ ሊጠይቅ የከፈተውን አፉን ዘግቶ ተመለሰ። ለበር፣ ለምርጊት፣ ለጣራ ሲል ከአባቱ የወረሰውን የኮርቻ መስፊያ መሣሪያ ሳይቀር ሸጠ፤ ገንዘቡን ውሃ በላው ይባል የለ፣ የእርሱን በእውነት ውሃ በላው። በመጨረሻ የገበያውን ክፍል ኪራይ መክፈል ሲያቅተው፣ ሚስቱን ይዞ ከረድፉ ጫፍ ያለችው ክፍል ውስጥ ገባ።

ጦርነቱ መጣ፤ ጦርነቱ አለፈ። ሚስቱ በየክረምቱ የሚብስ ሳል ያዛት፤ ሐኪሙም መድኃኒቷ ደረቅ ቤት ነው አለ። ታዲያ ሰላም በተፈረመ ዓመት ጨርቅ ነጋዴው አገር ሊለቅ ሆነና የኮረብታው ቤት እንደ ገና ለሽያጭ ወጣ። ኮርቻ ሰሪው ተስፋ አደረገ፤ ክፍሎቹን የሚገዛው ሰው ቢያገኝ ሚስቱን ከአባቷ ቤት ያስገባታል፤ ሳሏም ይለቃታል። ገዢ ደግሞ እግር ጥሎት መጣ፤ በጦርነቱ አንድ እግሩን ያጣ የመቶ አለቃ ነበር፤ ለጡረታው መተዳደሪያ የሚሆን የኪራይ ቤት ይፈልጋል።

ወቅቱ በጋ ነበር። ኮርቻ ሰሪው ኖራ ገዝቶ በጠበጠ፤ የፊቱን ግድግዳ ከመሬት እስከ ወገብ ቀባ። ሚስቱ በር ላይ ተቀምጣ ስታየው ዋለች። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ፣ ለጽዳት ብዬ ነው አላት።

የመቶ አለቃው በማግስቱ ጠዋት በምርኩዝ እየተደገፈ መጣ፤ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ፊቱ በራ።

«በእርስዎ ኮርቻ ነው የዘመትኩት» አለ። «ፈረሴ በጥይት ሲወድቅ እንኳ ስፌቱ አልተፈታም። እርስዎ የያዙትን ቤት እኔ ምን ብዬ እመረምራለሁ?»

ኮርቻ ሰሪው እጁን ለስምምነት ዘረጋ፤ የመቶ አለቃውም ምርኩዙን በብብቱ ይዞ እጁን ሲሰጥ፣ ሚስቱ ሻሿን እያስተካከለች ከጫፉ ክፍል ወጣች።

«ጌታዬ» አለችው፤ «ከኋላ ዞረው ይዩት።»

ድንጋዩ ለእርሱ እንደማይመች ስላወቀች ትከሻዋን አስደግፋው ሄደች። ኮርቻ ሰሪው የተዘረጋ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ፣ ምርኩዙ ድንጋዩን ሲመታና ሚስቱ ስትስል ከግድግዳው ወዲህ ቆሞ ሰማ። ሲመለሱ የመቶ አለቃው አልተቆጣም፤ ሴትዮዋን እጅ ነሣ፤ ወደ እርሱም ዞሮ ብዙ አየው።

«ያን ኮርቻ የሰፋው ሌላ ሰው መሆን አለበት» አለና ሄደ።

 ማታ ኮርቻ ሰሪው፣ ወደ አባትሽ ቤት ልትገቢ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታ ሳለ ስለ ምን እንዲህ አደረግሽ ብሎ ጠየቃት፤ ያን ሰውዬ እዚህ ጎርፍ ውስጥ ጥዬ እኔ እዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል ወይ አለችው። እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ያን ጊዜ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሳለሽ በሰማሁሽ ኖሮ እያለ። እርሷም ፊቱን በሻሿ ጠረገችለት።

«ያኔ ለአንተ ያልኩህን ነው ዛሬ ለእርሱ ያልኩት» አለች፤ «እርሱ ሰማኝ።»

በሁለተኛው ክረምት በዚያችው በጫፉ ክፍል ውስጥ ሞተች።

ዛሬ በጣቢያው አዳራሽ በእብነ በረድ ላይ የአገረ ገዢው ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል፤ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎችም ባቡሩ ለከተማይቱ ብልጽግና እንዳመጣ መዝግበዋል፤ አልዋሹም። ከሐዲዱ ሥር የነበሩት አሥር ክፍሎች ፈርሰው መጋዘን ሲሠራባቸው፣ ያ መስመር ያለበት ግድግዳ አብሮ ፈረሰ፤ ስለ እርሱ የጻፈ የለም። ኮርቻ ሰሪው ግን ብዙ ቆየ። በስተርጅናው እየተደገፈ ወደ ኮረብታው ይወጣ ነበር፤ በሩን አያንኳኳም፤ አዲሶቹን ባለቤቶች አስፈቅዶ በአጥሩ ጥግ ወደ ኋላ ይዞራል። ግንበኛው አማቱ ማንም የማያየውን የጀርባ ግድግዳ፣ እንደ ፊተኛው አድርጎ አንድ በአንድ ጠርቦ ነበር የገነባው፤ ኮርቻ ሰሪው ግን ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ቤት ሲኖር አንድም ቀን ዞሮ አላየውም ነበር። ድንጋዩን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ጥቂት ይቆምና፣ ቀኑ ሳይመሽ ይመለስ ነበር።