ከማተቡ ጋር የታሰረው ቁልፍ

ቴክኒሻኑ አካለ ወልድ ከማሽኑ ፊት በጀርባው ወድቆ ተገኘ። ጣቶቹ ጠቁረዋል። የኃይሉ ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከቁይ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በማይክሮዌቭ ስልክ ጣቢያው ደንቡ ይህ ነበር፤ ማሽኑን ሊጠግን የሚገባ ሰው ኃይሉን ዘግቶ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያስራል። ያለ ቁልፍ ማንም ኃይል ሊለቅበት አይችልም። ተለዋጩ ቁልፍ ዘበኛው እንዳላማው ዘንድ ነው። ስለዚህ እንዳላማው እጁን ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። እናቱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከዲማ ስንቅ ይዘው መጥተው፣ አንዴ ልጃቸውን አንዴ በሩን እያዩ መቀመጫ አጥተዋል።

«ጌታዬ፣ ዛሬውኑ ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስዱታል አሉ። እውነት ነው?» ሲሉ መርማሪውን መቶ አለቃ ደርቤን ጠየቁት።

«ገና ነው፣ እናቴ።»

ደርቤ ጠረጴዛውን አስተዋለ። የሟቹ ሰዓት፣ ቀበቶና ባለ ሚስማር ጫማ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በከበሮ ክፈፍ ላይ የተወጠረ የጎማ ላስቲክና ትናንሽ የብረት ኳሶች አሉ።

«ይኸ የልጅ ጨዋታ ነው?»

«አለቃችንም እንዲያ እያሉ ይቀልዱበት ነበር» አለ ሁለተኛው ቴክኒሻን ምንይችል። «ማሽኑ ውስጥ የሚሮጡት ኤሌክትሮኖች በዓይን አይታዩም፤ ኳሶቹ የእነሱ ምሳሌ ናቸው። ላስቲኩ ደህና ሲወጠር ተከታትለው ይወርዳሉ። ትንሽ ሲዛባ ግን ይመልከቱ።»

ኳሶቹን ለቀቀ። ተጋፉ፣ ተወዛወዙ፣ ጠርዙን መቱ።

«የኤሌክትሮኖቹ ጨረር እንዲህ ሲናወጥ ነው የማሽኑ ልብ የሆነው ቫልቭ የሚቃጠለው። ጨረሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ማግኔት ተጣሞ ተገጥሟል ይል ነበር አካለ ወልድ። ነገ ለሚመጡት ተቆጣጣሪዎች ሊያሳይ ነበር።»

«ማን ገጠመው?»

ምንይችል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አለቃችን ራሳቸው።»

አለቃው ኃይለ ሚካኤል ሳይጠየቅ ጀመረ። «ጃንሆይ ይሙቱ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማሽኑ ውስጥ ሲጎነበስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ቢሮዬ ሄድሁ። ዘበኛውን ይጠይቁ።»

ደርቤ ሁሉንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበ።

«አካለ ወልድ ሰዓቱን፣ ቀበቶውን፣ ጫማውን ሳይቀር አውልቋል። ለምን?» ቁልፉን በክሩ ይዞ ወደ ማሽኑ አስጠጋው። ቁልፉ ተስፈንጥሮ ማግኔቱ ላይ ተጣበቀ። «ለዚህ ነው። የጫማ ሚስማር የፈራ ሰው ይህን አንገቱ ላይ አድርጎ አይገባም። ለሚያምነው ሰው ሰጥቶ ነው የገባው። ያ ሰው ኃይሉን ለቀቀበት። ሲሞት ደግሞ ጥፋቱ በተለዋጩ ቁልፍ እንዲሳበብ ይህን መልሶ አሰረለት። እንዳላማው ቢሆን በራሱ ላይ የሚመሰክር ቁልፍ ያስራል? አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ እርስዎ ግን አንገቱ ላይ ያልነበረ ቁልፍ አየሁ አሉ።»

ኃይለ ሚካኤል ላስቲኩን ተመለከተ።

«አታሳያቸው ብዬ ለምኜው ነበር» አለ።

ገመዱ ከእንዳላማው እጅ ተፈትቶ በአለቃው እጅ ላይ ታሰረ። ደርቤ ተለዋጩን ቁልፍ ለዘበኛው መለሰለት። እንዳላማው ክሩን ወደ አንገቱ ሲያነሳ እናቱ እጁን ያዙት።

«አንገትህ ላይ አታድርገው፣ ልጄ። ማተብህ ይበቃሃል።»

ከዚያ ስንቁን መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው አልፈታ አላቸው።