የሞገስ መልስ ይዘገያል

አላምንም የምትሉ አትመኑ... እኔ ግን በደብረ ታቦር ኢየሱስ እምላለሁ፣ የሆነ ነገር ነው። የፍቅርተ ጎረቤት ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። መጨረሻውን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጋፋት ነው። ጨለማ እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ገብሱ ቢጫ ሆኗል።

ፍቅርተ እህል ነጋዴ ናት። ሞገስ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእሱ ሌላ ሰው የላትም። የፊዚክስ መምህር ሆነላት። ከዚያ በኋላ ሮኬት ሮኬት ሲል መዋል ሆነ ሥራው።

"እታለም፣ የሮኬትን ስሌት ቀድሞ የሠራው እኮ ጆሮው በደንብ የማይሰማ የገጠር መምህር ነው" ይላታል። "ሌላው ደግሞ ሮኬቱን የሞከረው ዘመዱ እርሻ ላይ ነው። ጋዜጣ ሳይቀር ስቆበታል!"

"አንተም ሊሳቅብህ ነዋ!"

"ይሳቁ! የእነሱ እሳት እየተፋ ነው የሚሄደው። ነዳጁ ካለቀ አለቀ፣ ከዋክብት ጋ አያደርስም። የእኔ ሞተር ነዳጅ የለውም።"

"ታዲያ ምኑን ገፍቶ ይሄዳል?"

ሞገስ በገዛ እጁ የሠራውን ሞተር መለስ ብሎ አየ።

"እሱን ገና አላወቅኩትም" አለ።

ጋፋትን የመረጠው ራሱ ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት መሬት ገዱ መልካም ነው ብሎ። የፍቅርተን የእህል ሚዛን በባጃጅ ጭነው ወሰዱ። ሞተሩ እውነት የሚገፋ ከሆነ ሚዛኑ ላይ ይታወቃል።

መጀመሪያ ለቀልድ እሱ ራሱ ወጣበት።

"ሃምሳ ስምንት ኪሎ! አይ አንተ፣ የእኔ ጆንያ ይበልጥሃል!" ብላ ሳቀችበት።

ከዚያ ሞተሩን ጫነው። ባትሪውን ሰክቶ አስነሳው።

ጭስ የለም... ድምፅ የለም... የሚዛኑ መርፌ ንቅንቅ አላለም።

ሞገስ አንገቱን ደፋ። "ከሸፈ" አለ።

ግን ፍቅርተ ከንፈሩን እያየች ነበር።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ተከደነ... ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፀሐይ ነው፣ ድካም ነው አለች። ባትሪውን ነቅለው ወደ ቤት ተመለሱ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ "ሻይ ልጨምርልህ?" አለችው። ፈገግ ብሎ አያት። ቀድታ፣ ስኳር ጨምራ፣ አማስላ ከጨረሰች በኋላ "እሺ" አለ።

ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር በስልክ እንደማውራት ሆነባት። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እኮ ነው!

እየቆየ መልሱ የአባታችን ሆይ ያህል ይዘገይ ጀመር። ትጠይቀዋለች፣ በልቧ ትደግማለች፣ አሜን ስትል ይመልሳል። በኋላማ ውዳሴ ማርያም ደግማ ጨርሳም መልስ የለም።

አንድ ቀን ትኩስ ሽሮ እጁ ላይ ፈሰሰ። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጠረገችለት፣ ዕቃዋን አጠበች፣ ጓሮ ደርሳ ተመለሰች።

"ኧረ አቃጠለኝ!" ብሎ ያኔ ጮኸ።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እጁን ይዛ "ሞገሴ... የት ነህ?" አለችው።

መልሱ የመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

"እየራቅሽኝ ነው እታለም... ሞተሩ ምኑን እንደሚገፋ አሁን ገባኝ። እኔን ነው። ግን መመለሻውን እየፈለግሁ ነው፣ አታልቅሺ።"

ከዚያ ወዲያ ትንፋሹም መዘግየት ጀመረ። አንዴ ይተነፍሳል... ደረቱን እያየች ትጠብቃለች...

በኅዳር፣ አንድ ጠዋት፣ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ደረቱ አልተነሳም። ጎረቤታችን ነርሱ ይሻው መጥቶ እጁን ያዘ፣ አንገቱን ዳበሰ።

"እግዜር ያጽናሽ" አላት።

"የለም! ይዘገያል እንጂ ይመልሳል! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ትሉ የለም እንዴ? ትንሽ ጠብቁ!"

ሐዘን ነው የሚያስለፈልፋት ብለን ተያየን። እኔም ብያለሁ።

የነፍስ አባቷ አባ ገብረኪዳን ቀረብ አሉ።

"ልጄ፣ ሬሳ አይቆይም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈሩን ይልበስ።"

"አባቴ፣ ጥቂት ይታገሡኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው።"

ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

"ሞገሴ... እንቅበርህ ወይስ እንጠብቅህ?"

ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከንፈሩን እያየች ጠበቀች። ምንም የለም። ሰው ሁሉ እሷን ያያል።

"እንግዲህ ይሁን" አለች። ራሷ ናት ያለችው።

አርባው ደረሰ። ዳስ ተጣለ፣ ካህናቱ ተቀመጡ፣ ጠላ እየዞረ ነው። ቀትር ላይ ነበር። ከሞገስ መኝታ ክፍል፣ ከባዶው አልጋ... ድምፅ መጣ።

"ጠብቁኝ፣ እታለም..."

ጉርሻችንን እንደያዝን ደረቅን።

"...መንገዱን አግኝቼዋለሁ። እንዳትቀብሩኝ።"

ፍቅርተ ባለችበት ወደቀች። የአባ ገብረኪዳን መስቀል ከእጃቸው ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ ያነሳላቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፍቅርተ ገበያ አትወጣም። ሚዛኑ በረንዳዋ ላይ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በሯ ላይ ቆማ አገኘኋት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠራችኝ።

"እዪ..." አለችኝ በሹክሹክታ።

ሚዛኑ ላይ ምንም የለም። መርፌው ግን ቀስ... ቀስ... እያለ ወጣ። ሃምሳ ስምንት ላይ ቆመ።

"አናግሪው እንጂ" አልኳት።

"ምን ልበለው?" አለች። "ሥጋህን ቀበርኩት ልበለው?"

መርፌው ትንሽ ተንቀጠቀጠ... ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እግሩን ሲቀይር እንደሚንቀጠቀጠው።