ቅቤ ያልነካው ገመድ

የካሣዬ አንድ እግር ጫማ ወልቆ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ግን ከዚያ እልፍ ብሎ በሸራ ተሸፍኖ ተኝቷል። ሲያበርራት የነበረችው፣ ጃይሮፕላን የሚሏት ትንሽ አውሮፕላን በጎኗ ተጋድማለች። ጅራቷ ተሰብሯል፤ ከላይዋ ካሉት ሁለት ረጃጅም ክንፎች አንዱ እንደ ማጭድ ጎብጧል። የመስከረም ጤዛ ገና ከሣሩ ላይ አልረገፈም፤ የጭላሎ ተራራም ራስ ጉሙን እንደተከናነበ ነው።

ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር። ከአሰላ ወጣ ብሎ ያለው የስንዴ እርሻ ይህችን መሣሪያ ያስመጣው የአንበጣ መንጋ ሲመጣ ከሰማይ ሆኖ ለማየት ነው። የከተማው ሰው ግን ስሟን «የካሣዬ ፌንጣ» ብሏት ነበር።

የፖሊስ መቶ አለቃ ከሊል ላንድሮቨሩን ጭቃው አፋፍ ላይ ትቶ በእግሩ ሲመጣ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ወደ ሬሳው አልነበረም። ከትከሻው እስከ ወገቡ በገመድ ተጠምጥሞ እንደ ነዶ የታሰረ ጎልማሳ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያሳዩት እሱን ነው።

«ማነው ይሄ?»

«ገዳዩ ነዋ፣ ጌታዬ!» አለ የእርሻው ተቆጣጣሪ ጥሩሰው፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ፈረሰኛው ቶላ ነው። ይሄ ሜዳ ድሮ የሱ ግጦሽ ነበር፤ ከተወሰደበት ወዲህ ቂም ይዟል። ሮጬ ባላስረው ኖሮ ይሄኔ ኦጎልቾ ከተማ ገብቶ ነበር።»

«ፈረሰኛ ደግሞ አብራሪ እንዴት ይገድላል?»

ጥሩሰው ማስረዳት ይወድ ነበር። የካሣዬ የበረራ ተማሪ እንደነበረም ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ይቺ እንደ ሄሊኮፕተር አይደለችም። ሞተሩ ከኋላ ይገፋታል እንጂ የላዩን ክንፍ አያዞርም። እሱን የሚያዞረው ነፋስ ነው። ነፋሱ እንዲይዘው ግን መጀመሪያ ሰው መቀስቀስ አለበት። ገመድ የክንፉ እምብርት ላይ ይጠመጠምና የቶላ ፈረስ እየጋለበ ይተረትረዋል። ክንፉ እንደ እንዝርት ይዞራል።»

«ከዚያስ?»

«ገመዱ አልቆ ሲወድቅ አብራሪው መሪውን ወደ ሆዱ ስቦ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ክንፉ ነፋስ እየጠጣ ፍጥነት ይጨምራል። ቤንዚን የሚሰጠው ክንፉ ከጠገበ በኋላ ነው። ሳይጠግብ ከሮጡበት ግን አንዱ ወገን ይነሳል፣ አንዱ ይወድቃል፤ ይርገበገብና ጅራቱንም መሬቱንም ይመታል። ዛሬ የሆነው ይኸው ነው። ይሄ ሰው ፈረሱን አዘገመ፤ ካሣዬም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ችኩል ነበር።»

«ገመዱ የታለ?»

«ያውና፣ ከመጋዘኑ በር ላይ።»

ገመዱ በደንብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጫፉ ላይ በፈረሱ ደረት የሚጠልቀው ቀለበት አለ። ከሊል ቀለበቱን ዳበሰው፤ ለስላሳ ነው። ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር እያገላበጠ አየው፤ ከዚያ ጣቱን በመሐረብ ጠረገና ሰው ሁሉ ወደ ሬሳው ይወስደኛል ብሎ ሲጠብቅ ወደ ፈረሱ ሄደ።

ከሊል የፈረስ አገር የጎበሳ ልጅ ነው፤ አባቱ የፈረስ ነጋዴ ነበሩ። ዳማውን ፈረስ አንገቱን አሻሽቶ ደረቱን ሲያይ ቆዳው ተልጦ ደም አዝሏል።

«ኦቦ ቶላ፣ ፈረስዎን ምን ነካው?»

ቶላ ቀና አለ። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ ሹሙንም ሕፃኑንም አንተ ነበር የሚለው።

«አንተ ስለ ፈረስ ጠየቅህ። እነዚህ ሁሉ ጮሁ እንጂ ስለ ፈረስ አልጠየቁም። ገመዱ ነው የበላው። ዓመት ሙሉ በልቶት አያውቅም፤ በየሳምንቱ ቅቤ እቀባዋለሁ። ዛሬ ግን ደረቀ። ጉም ነው፣ ካሣዬ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ዝም ብዬ አጠለቅሁት።»

«ፈረሱን አዝግመውት ነበር?»

«የኔ ፈረስ? ማዝገም የት ያውቅና! ገመዱ ነው ቶሎ የወደቀ። ገና ነው፣ ገና ነው ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማል፣ ሞተሩ ይጮሃል።»

«ቢያንስ ይፈታ እንጂ፣ ጌታዬ» አለ አብሮ የመጣው ፖሊስ።

«ኧረ ያመልጣል!» አለ ጥሩሰው።

ከሊል ትንሽ አሰበ። «እንደታሰረ ይቆይ። አጠገቡ ቁም፤ ማንም እንዳይነካው።»

ቶላ ሣሩ ላይ ተፋ። «አንተም ያው ነህ።»

ከሊል ሜዳውን መዞር ጀመረ። ፈረሱ ዓመት ሙሉ የሮጠበት መስመር ሣር አልባ ሆኖ እስከ አንዲት የጽድ ዛፍ ድረስ ይዘልቃል። የዛሬው ኮቴ ግን ጥልቅ ሆኖ ይጀምርና ግማሹን እንዳለፈ ይላላል። የጃይሮፕላኗ ጎማ ደግሞ ገና ከመነሻው ጭቃውን ቆፍሮ ወደ ኋላ ረጭቶታል። ካሣዬ ቀስ ብሎ አልጀመረም ማለት ነው። ክንፉ እንደጠገበ እርግጠኛ የሆነ ሰው አነሳስ ነው።

መካኒኩ ገብረ መድህን ከመጋዘኑ ጀርባ ብቻውን ተቀምጧል። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ የተጋደመችውን መሣሪያ ቤንዚን ሊዘጋ ሲል የጋለው ሞተር አቃጥሎታል።

«ገመዱን የጠመጠመው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«እንደ ወትሮው ሞልቶ ነበር?»

«ሞልቶ ነበር።»

«ጠዋት ስትጠመጥመው እምብርቱ ላይ ጤዛ ነበረው?»

መካኒኩ የእጁን ጨርቅ ማጥበቅ ጀመረ። ከሊልም ትቶት ሄደ።

የሟቹ ሚስት ወለላ ከሸራው አጠገብ አልነሳም ብላለች። ዕንባዋ አልቆ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«ወይዘሮ ወለላ፣ ባለቤትዎ ችኩል ነበሩ ይላሉ።»

«ካሣዬ? ሻዩ እስኪበርድለት እኮ እኔ ልብስ አጥቤ እጨርሳለሁ! ችኩሉስ ጥሩሰው ነው። ባለፈው ወር ክንፉን አርገብግቦ ሊያጠፋት ነበር። ለሁሩታው እርሻ ሁለተኛ መሣሪያ ይመጣል፣ እሱ ነው የሚያበርራት ተብሎ ነበር፤ ካሣዬ ግን ‹ተማሪዬ ይሞትብኛል› ብሎ ዛሬ በርሮ ሄዶ ለእርሻው ባለቤት ሊነግር ነበር።»

«ከገብረ መድህንስ ጋር?»

«ትናንት ተጣልተዋል። ሜዳው ሳይደርቅ ካበረርክ እጄ የለበትም ብሎት ነበር።»

«እውነትም ጭቃ ነው። ለምን አልጠበቁም?»

«ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር፣ ጌታዬ። ‹ዛሬ ገመዱን አርዝመውልኛል፤ ክንፉ ጠግቦ ይጠብቀኛል፤ ደረቁ መሬት ሳያልቅ ብድግ እላለሁ› አለኝ።»

«ማን ነው ያረዘመላቸው?»

«አልጠየቅሁትም» አለች።

ከሊል ሁሉንም ከተሰበረው ጅራት አጠገብ ሰበሰባቸው። ቶላንም ፖሊሱ ደግፎ አቆመው።

«ካሣዬ አልቸኮለም» አለ ከሊል። «ተታለለ እንጂ። ክንፉ ከራሱ በላይ ስለሆነ አያየውም፤ የሚያውቀው ገመዱ ሲወድቅ ነው። ገመዱ ረዝሟል ብሎ ያመነ ሰው፣ ሲወድቅ ክንፉ ጠገበ ብሎ ቤንዚን ይሰጣል። የፈረሱ ኮቴ ግን ገመዱ ማጠሩን ይናገራል።»

«ገመዱ ያውላችሁ፣ ሙሉ ነው!» አለ ጥሩሰው።

«ሙሉ ነው። ደረቅም ነው። ይሄን ሁሉ ጤዛ አቋርጦ የተጎተተ ገመድ እንዴት አንዲት ሣር አይዝም? ቀለበቱም በቅቤ የራሰ ነው፤ የፈረሱ ደረት ግን ተልጧል። ዛሬ የጎተተው ሌላ ገመድ ነው። ገብረ መድህን፣ እውነቱን ተናገር።»

መካኒኩ የተጠቀለለ እጁን አቀፈ። «አረፈድኩ፣ ጌታዬ። ተናድጄ ሆን ብዬ አረፈድኩ። ስመጣ ገመዱ ተጠምጥሞ አገኘሁት። ካሣዬ ራሱ የጠመጠመው መስሎኝ ዝም አልኩ። ሥራዬ ነበር፤ አፈርኩ።»

«እንግዲህ መሣሪያዋ ስትወድቅ ሦስታችሁ ነበራችሁ። ቶላ ካሣዬን ከሥር ጎትቶ አወጣ፤ ደሙ ልብሱ ላይ አለ። ገብረ መድህን ቤንዚኑን ዘጋ፤ ቁስሉ እጁ ላይ አለ። ጥሩሰው፣ አንተስ?»

«እኔ... ሸራ ላመጣ መጋዘን ገባሁ።»

«ሸራውን አመጣህ። በዚያው የድሮውን ገመድ አውጥተህ በሩ ላይ አስቀመጥክ። አጭሩን ከሜዳው ላይ አንስተህ ነበር፤ ግን ሰው ከመንገዱ እየጮኸ መጣ፣ መደበቂያም አጣህ። ጭቃ የነካው ገመድ ይዞ የቆመ ሰው ምን ቢያደርግ አይጠረጠርም?»

ዓይኖች አንድ በአንድ ወደ ቶላ ዞሩ።

ከሊል ወደ ቶላ ሄዶ ገመዱን ከላይ ጀምሮ መተርተር ያዘ። እርጥብ ነው፤ ሣር ተጣብቆበታል። የመጨረሻው ዙር ከጀርባው ሥር ሲወጣ አንድ ቀለበት ብቅ አለ፤ በሸካራው ቃጫ መካከል የዳማ ፈረስ ፀጉርና የደረቀ ደም ተይዟል።

«ማን ነው ያሰረዎ፣ ኦቦ ቶላ?»

«እሱ!» አለ ቶላ በአገጩ እያመለከተ። «የፈረሴን ደም በኔ ላይ ጠመጠመው!»

ጥሩሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

«ይሞታል አላልኩም!» ብሎ ጮኸ። «ገመዱን አርዝመንልሃል ብዬ ያታለልኩት ክንፉ እንዲርገበገብበት ብቻ ነው! አንድ ጊዜ እንደ እኔ ይደንግጥ፣ እሱም ይሳሳታል እንዲባል! ያኔ ማን ቃሉን ሰምቶ ሰማዩን ይከለክለኝ ነበር?»

ወለላ አየችው። ፊቷን ወደ ሸራው መለሰች።

ላንድሮቨሩ ጥሩሰውን ይዞ ሲሄድ ከሊል ቶላ ዘንድ ተመለሰ። «ይቅር ይበሉኝ። ገመዱን ከእርስዎ የተሻለ የሚጠብቅልኝ አልነበረም።»

ቶላ የደነዘዘ ክንዱን እያሻሸ፣ «ነገሩን አወቅህ» አለ። «ግን የጎተትኩት እኔ ነኝ። ቶሎ መውደቁን አውቄያለሁ፤ ጮህኩ፣ አልሰማኝም። ይሄንን ምን አደርገዋለሁ?»

ጠዋት የቶላን ደም ሲጠይቁ የነበሩት ሰዎች ሁለት አጣና አምጥተው ሸራውን በላዩ ወጥረው ቃሬዛ እያበጁ ነው፤ አንዳቸውም ቶላን ቀና ብሎ አላየውም። አስክሬኑ ተዘጋጅቶ ተሸካሚዎቹ ሲያጎነብሱ ወለላ በእጇ አስቆመቻቸው።

«ቶላ» አለች፤ «ና። በራስጌው በኩል አንተ ያዝልኝ።»

ቶላ ሄደ። ክንዱ ውስጥ ደም ገና አልዞረም ነበር፤ አጣናው አንዴ አመለጠው። ከዚያ ትከሻውን አስገብቶ ተነሳ።